የትንሽ አሉሚኒየም ጀልባ ወለል በምን ይተካ? የአንድ ረጅም ክር ሂደት

ይህን የኢንተርኔት ውይይት መድረክ ክር (በአንድ ጥያቄ ሥር የሚደረደሩ ምላሾችን) የከፈቱት ሰው ጥያቄያቸውን ያቀረቡት በትሕትናና በዝርዝር ነበር። ከአራት ሜትር ጥቂት የምትረዝም፣ በሪቬት (ላሜራን ከላሜራ በሚያያይዝ ችንካር) የተገጣጠመች የአሉሚኒየም ጀልባ አለቻቸው፤ በኋለኛው መቀመጫ አጠገብ ወለሉ በተረገጠ ቁጥር እየሰረገ በመምጣቱ ምንጣፉን ገልጠው ሲመለከቱ፣ ከሥሩ ያለው ኮምፔርሳቶ ንብርብሩ ተላቅቆ በጣት የሚፈረፈር ሆኖ አግኝተውታል። ጀልባዋ ጨዋማ ባልሆነ ውኃ ላይ የምትሠራ መሆኗን፣ ወለሉን የሚሸከሙት የጎድን አግዳሚዎች በየ40 ሴንቲ ሜትሩ ገደማ መቀመጣቸውንና በወለሉ ስንጥቅ በኩል ቢጫ ፎም እንደሚታይ ገልጸው፣ አሮጌውን አንሥተው በምን ቢተኩት እንደሚሻል ጠየቁ። የራሳቸውም ዝንባሌ ነበራቸው፤ ለአጥርና ለበረንዳ የሚሸጠው፣ እንዳይበሰብስ በኬሚካል የታከመው እንጨት ዋጋው የሚቀመስ ስለሆነ እርሱን ለመግዛት እያሰቡ እንደሆነ በመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ላይ ጣል አደረጉ። ክሩን ያጋጋለው ይኸው ዓረፍተ ነገር ነው።

1ኛው ምላሽ ለጥያቄው በጥያቄ የመለሰ ሲሆን፣ በእኔ ግምት ከሁሉም ይልቅ ሊሰማ የሚገባው እርሱ ነበር። ጸሐፊው ስለ አዲሱ ወለል ዓይነት ከመነጋገር በፊት አሮጌው ሙሉ በሙሉ ተነሥቶ ከሥሩ ያለው መታየት እንዳለበት ገለጹ፤ እንጨት ውኃ ስለነካው ብቻ እንደማይበሰብስ፣ የሚበሰብሰው ረጥቦ መድረቅ ሲያቅተው እንደሆነ አስረድተው፣ ውኃው በየት እንደገባና ለምን መውጫ እንዳጣ ሳይታወቅ የሚገጠም ወለል ምንም ይሁን ምን ተመልሶ ችግር እንደሚያመጣ አስጠነቀቁ። ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ሙግት ግን ይህን ምክር ለረጅም ጊዜ ወደ ጎን ትቶ ስለ ቁሳቁስ ብቻ ሲከራከር ቆየ።

2ኛው ምላሽ የጠያቂውን ሐሳብ ደገፈ። አስተያየት ሰጪው የራሳቸውን ጀልባ ወለል በታከመ እንጨት ከሠሩት ዓመታት ማለፋቸውን፣ እስካሁንም ጠንካራ እንደሆነ ተናግረው፣ ርካሹ መንገድ እያለ ሰውን ለከፍተኛ ወጪ መዳረግ አግባብ አይደለም አሉ። 3ኛው ምላሽ ይህን ሊያርም መጣ፤ እርማቱም የተሟላ ነበር። የታከመውን እንጨት ከፈንገስና ከምስጥ የሚጠብቀው ኬሚካል በአብዛኛው መዳብ መሆኑን፣ እርጥበት ሲኖር መዳቡ ከእንጨቱ እየሟሟ ወጥቶ አሉሚኒየሙ ላይ እንደሚያርፍ፣ ሁለቱ ብረቶች በውኃ ውስጥ ሲገናኙም እያንዳንዱ ነጥብ እንደ ጥቃቅን ባትሪ ሆኖ ሁልጊዜ የሚበላው አሉሚኒየሙ እንደሆነ ዘረዘሩ። አክለውም እ.ኤ.አ. እስከ 2003 መጨረሻ ድረስ በሰፊው ይሸጥ የነበረው የታከመ እንጨት መዳብ፣ ክሮሚየምና አርሴኒክ የያዘ እንደነበር፣ ክሮሚየሙም መዳቡን እንጨቱ ውስጥ አጥብቆ ይይዘው እንደነበር ጠቀሱ፤ አርሴኒኩ ለጤና ያሰጋል ተብሎ በሰሜን አሜሪካ ለመኖሪያ ቤት በሚውለው እንጨት ላይ ሲቀር፣ የተተኩት ማከሚያዎች የመዳብ መጠናቸው ከፍ ያለ፣ የሚያጣብቀውም ክሮሚየም የሌላቸው በመሆናቸው ለአሉሚኒየም ይበልጥ ጎጂ ሆነዋል። ስለዚህ አንድ ሰው ድሮ በታከመ እንጨት ሠርቶ ጉዳት አላየሁም ቢል እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ዛሬ የሚሸጠው ግን ያው እንጨት አይደለም ሲሉ ደመደሙ።

ይህ ለ2ኛው አስተያየት ሰጪ የክብር መውጫ የሚሰጥ ንግግር ቢሆንም እርሳቸው አልተጠቀሙበትም። በ4ኛው ምላሽ ተመልሰው መጥተው፣ በወረቀት ላይ ኬሚስትሪ የሚያሰሉ ሰዎች ጀልባ ነክተው እንደማያውቁ፣ የእርሳቸው ወለል ግን ቆሞ እየመሰከረ እንደሆነ ጻፉ። 5ኛው ምላሽ አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ ወለሉን ከገጠሙት በኋላ አንሥተው ከሥሩ ያለውን አሉሚኒየም ተመልክተው ያውቁ እንደሆነ ጠየቃቸው። መልስ አልተሰጠም። የሚበላው ከላይ የሚታየው እንጨት ሳይሆን ከታች ያለው ቀፎ (የጀልባው የውጭ አካል) መሆኑን የዘነጋ ሰው የወለሉን ጥንካሬ እንደ ማስረጃ ቢያቀርብ አይገርምም።

6ኛው ምላሽ ስለ ባሕር ኮምፔርሳቶ ሲሆን፣ ብዙዎች በስሙ ብቻ የሚገዙትን ዕቃ ምንነት አብራርቷል። ቢ ኤስ 1088 በተባለው የብሪታንያ መመዘኛ የሚመረተው ኮምፔርሳቶ ከተራው የሚለየው ንብርብሮቹ ውኃ በማይፈታው ኮላ የተጣበቁ በመሆናቸውና በውስጠኞቹ ንብርብሮች መካከል ክፍተት እንዳይኖር ቁጥጥር የሚደረግበት በመሆኑ ነው። እንጨቱ ራሱ ግን ከመበስበስ የሚከላከል መድኃኒት የግድ አልተቀባም፤ ሳይታሸግ ውኃ ውስጥ ቢተው ኮላው አይለቅም እንጂ እንጨቱ ይበሰብሳል። ጸሐፊው ከዚህ ተነሥተው፣ ለውጭ ግንባታ የሚሸጠውና ተመሳሳይ ኮላ ያለው ኮምፔርሳቶ ጫፉ ታይቶ ክፍተት የሌለበት ከተመረጠና በደንብ ከታሸገ ለዚህ ሥራ እንደሚበቃ መከሩ። ቺፑድ ወይም ከእንጨት ስንጥር የተጨመቀ ሰሌዳ ለማሰብ ለሚቃጣው ሰው ደግሞ፣ በመጀመሪያው ርጥበት ጫፉ አብጦ እንደሚቀር በአንድ ሐረግ አልፈውታል።

የ7ኛው ምላሽ ጸሐፊ በእጃቸው የሠሩበትን ነገር የሚናገሩ መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ይታወቃል። ኮምፔርሳቶ ውኃ የሚጠጣው ከፊቱ ይልቅ በተቆረጠው ጫፉና በብሎን ቀዳዳዎቹ በኩል ነው። ስለዚህ ሰሌዳው በልኩ ከተቆረጠ በኋላ ሁለቱም ፊቱ ኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሾች ተቀላቅለው የሚጠጥር ሙጫ) ይቀባል፤ ጫፉ ግን የተቀባውን ጠጥቶ እንደገና ደረቅ በመሰለ ቁጥር በላይ በላዩ ሦስት ጊዜ ያህል መቀባት አለበት። ብሎን የሚገባበት ቦታ መጀመሪያ ከብሎኑ ሰፋ ባለ ፑንታ ይበሳል፤ ቀዳዳው ከሥሩ በፕላስተር ተደፍኖ በወፈረ ኢፖክሲ ይሞላል፤ ከደረቀ በኋላ በመሃሉ ትክክለኛው ቀዳዳ ይበሳል። እንዲህ ሲሆን ብሎኑ የሚያልፈው በእንጨት ውስጥ ሳይሆን በኢፖክሲ ቀለበት ውስጥ ነው፤ ውኃ በብሎኑ ዙሪያ ቢወርድም እንጨቱን አያገኘውም። ሌላም ብልሃት ጨመሩ። እንጨት ሲሞቅ በውስጡ ያለው አየር እየሰፋ ስለሚወጣ ጠዋት ፀሐይ ላይ የተቀባ ኢፖክሲ አረፋ አረፋ ይሆናል፤ ቀኑ እየቀዘቀዘ ሲሄድ የተቀባው ግን የሚኮማተረው አየር ወደ ውስጥ ስለሚስበው ጠልቆ ይገባል። በመጨረሻም ኢፖክሲ የፀሐይ ጨረር ስለሚያደክመው ከላዩ ቀለም ወይም ሌላ ልባስ እንደሚያስፈልገው አሳሰቡ።

8ኛው ምላሽ እንጨትን ከነጭራሹ ተዉት የሚል ነበር። ጀልባው አሉሚኒየም ከሆነ ወለሉም አሉሚኒየም ቢሆን አይበሰብስም፣ ብረቶቹም አይጣሉም፤ በክብደትም ቢሆን 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ በካሬ ሜትር 8.1 ኪሎ ግራም ሲመዝን፣ 12 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ ከእነ ኢፖክሲው ከዚያ ብዙ እንደማያንስ አስልተው አቀረቡ። ስሌቱ ትክክል ነው፤ የአሉሚኒየም እፍጋት በኩቢክ ሴንቲ ሜትር 2.7 ግራም ስለሆነ ማንም ሊደርስበት ይችላል። የ9ኛው ምላሽ ጸሐፊ ግን፣ አክብሮታቸውን ሳይቀንሱ፣ ክብደት ተመዘነ እንጂ ግትርነት አልተመዘነም አሉ። የአንድ ሰሌዳ አለመጉበጥ ከውፍረቱ ሦስተኛ ርቢ ጋር ይሄዳል፤ ኮምፔርሳቶው በውፍረት አራት እጥፍ ስለሆነ በዚህ ብቻ ስድሳ አራት እጥፍ ይበልጣል። አሉሚኒየም በባሕርዩ ከጥሩ ኮምፔርሳቶ ወደ አሥር እጥፍ ገደማ ግትር ቢሆንም፣ አንዱ በሌላው ሲካፈል እንጨቱ ስድስት እጥፍ ያህል እንደሚበልጥ ይገኛል። ስለዚህ በ40 ሴንቲ ሜትር ርቀት በተቀመጡ አግዳሚዎች መካከል ባለ 3 ሚሊ ሜትር ላሜራ ከእግር በታች ይረግባል፤ ካልተፈለገ ወይ ላሜራው ይወፍራል፣ ወይ ጠርዙ ታጥፎ ይጠነክራል፣ አለዚያም በመካከል ተጨማሪ የአሉሚኒየም አንግል ይገባል፤ እያንዳንዱም ክብደትና ወጪ ነው። ይህ ምላሽ ብዙ ምስጋና አላገኘም፤ ከቁሳቁሱ ክርክር ሁሉ ግን ለውሳኔ የሚያበቃ ነገር የያዘው እርሱ ይመስለኛል።

ከ10ኛው እስከ 12ኛው ያሉት ምላሾች ከመንገድ ወጡ። አንደኛው የአሉሚኒየም ወለል ፀሐይ ሲመታው ባዶ እግርን እንደሚያቃጥል ተናገሩ፤ ሁለተኛው በላሜራ ላይ የወደቀ ዕቃ ድምፁ በውኃ ውስጥ ሩቅ ስለሚሄድ ዓሣ ያባርራል አሉ፤ ሦስተኛው ዓሣን የሚያባርረው ድምፅ ሳይሆን የአጥማጁ አለመታገሥ ነው ብለው ቀለዱ። በዚህ ላይ ጥቂት ተሳሳቁ።

ሳቁ ያበቃው በ13ኛው ምላሽ ነው። ጸሐፊው ከወለሉ ሥር ስላለው ፎም አንሥተው፣ እርሳቸው የገዛ ጀልባቸውን ሲከፍቱ ፎሙ ውኃ ጠጥቶ፣ በመጋዝ ቆራርጠው ሲያወጡት አንዱን ቁራጭ እንኳ በአንድ እጅ ማንሣት አቅቷቸው እንደነበር ተረኩ። ያን ሁሉ አውጥተው ጥለው ምንም ሳይተኩ ወለሉን በመግጠማቸው ጀልባው ቀላልና ፈጣን እንደሆነላቸው ተናግረው፣ ጠያቂውም እንዲሁ እንዲያደርጉ መከሩ።

14ኛው ምላሽ በቁጣ የተጻፈ ነው፤ ቁጣውም ያለ ምክንያት አልነበረም። ፎሙ እዚያ የተቀመጠው ቦታ ለመሙላት እንዳልሆነ፣ ጀልባው ውኃ ሞልቶት ቢገለበጥ ከነሰዎቹ እንዳይሰጥም የሚይዘው እርሱ ብቻ እንደሆነ አስታወሱ። የአሉሚኒየም ጀልባ ውኃ ከገባው እንደ እንጨት ጀልባ በራሱ አይንሳፈፍም፤ 100 ኪሎ ግራም የሚመዝን የአሉሚኒየም ቀፎ ውኃ ውስጥ ሲገባ የሚገፋው ውኃ 37 ሊትር ብቻ ስለሆነ ቀሪውን 63 ኪሎ የሚያነሣ ሌላ ነገር ይፈልጋል። በኩቢክ ሜትር 32 ኪሎ የሚመዝን ደረቅ ፎም ከሆነ ይህን ለማንሣት 65 ሊትር ያህል ይበቃል፤ ሞተሩና ባትሪው ሲታከሉ ግን ፍላጎቱ በእጅጉ ያድጋል፣ ጀልባውን የሙጥኝ ብለው የሚይዙት ሰዎችም አሉ። ውኃ የጠጣ ፎም ሁለት ጊዜ እንደሚጎዳ መስማማታቸውንም አልሸሸጉም፤ ጀልባው ሲሄድ የሞተ ጭነት ነው፣ ሲሰጥም ደግሞ የሚያነሣው ነገር የለም። መፍትሔው ግን በደረቅ መተካት እንጂ ባዶ መተው አይደለም፤ ባዶ ይተው ብሎ ለማያውቀው ሰው መምከርም በሰው ነፍስ መቀለድ ነው አሉ።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም እርስዎ እየተባባሉ ነበር። በ15ኛው ምላሽ የ13ኛው ጸሐፊ አንተ ማለት ጀመሩ፤ የቁጥሩን ስሌት ሳይነኩ የሰውየውን ዕድሜና ልምድ ጠየቁ፣ መዋኘት የማይችል ሰው ጀልባ ላይ ምን ይሠራል የሚል ነገርም ወረወሩ። 16ኛው የአወያዩ ማሳሰቢያ ነበር፤ ክርክሩ በጉዳዩ ላይ እንዲወሰን በጨዋ ቃል ጠይቀው፣ እግረ መንገዳቸውን ግን ፎምን በተመለከተ የ14ኛውን አቋም እንደሚጋሩ ገለጹ። አወያይ ወገን መያዙ ሁልጊዜ ባይመከርም በዚህ ጉዳይ ዝም ማለቱ የባሰ ይሆን ነበር።

17ኛው ምላሽ በተረጋጋ መንፈስ ተመለሰ። ጸሐፊው በፈሳሽ መልክ ተቀላቅሎ የሚፈሰው የፖሊዩሪቴን ፎም ሁሉንም ስርጓጉጥ ስለሚሞላ የውኃ መተላለፊያዎችን እንደሚደፍን፣ ከፎሙ ሥር የቀረው ውኃም ለመድረቅ ዕድል እንደማያገኝ አስረድተው፣ በእርሳቸው ግምት በልክ እየተቆረጠ የሚቀመጠው ጠንካራ የፖሊስታይሪን ሰሌዳ እንደሚሻል ተናገሩ፤ ሰሌዳው ከቀፎው ጋር ሳይጣበቅ ከሥሩ ውኃ ማሳለፊያ ተትቶለት ይቀመጣል። ሁለት ጥንቃቄ አያያዙለት። ፖሊስታይሪን ቤንዚን ሲነካው ስለሚሟሟ የነዳጅ ቱቦ ከሚያልፍበት መራቅ አለበት፤ ፎሙም በሙሉ ከታች መታጨቅ የለበትም፤ ውኃ የሞላው ጀልባ መንሳፈፊያው ታች ብቻ ከሆነ ሆዱን ወደ ላይ ይገለብጣል፣ በጎንና በመቀመጫዎች ሥር ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ግን ቀጥ ብሎ ይቆያል። በአንዳንድ ጀልባዎች ፎሙ ራሱ ወለሉን ደግፎ የሚይዝ አካል ስለሆነ፣ እርሱ ሲነሣ ተጨማሪ አግዳሚ ሊያስፈልግ እንደሚችልም ጠቆሙ።

ጠያቂው ከዚህ በኋላ በ18ኛው ምላሽ ተመለሱ፤ በመካከሉ የ1ኛውን ምክር ሰምተው ወለሉን በሙሉ አንሥተውት ነበር። ያገኙትን በዝርዝር ጻፉ። ፎሙ ሲጨመቅ ውኃ ያወጣል። በየአግዳሚው ሥር ውኃ ወደ ኋላ ለማሳለፍ የተተዉት ትንንሽ ቀዳዳዎች በደለልና በበሰበሰ ቅጠል ተደፍነዋል፤ ከኋላ ያለው የማፍሰሻ ቡሽ ቢከፈትም ውኃው እርሱ ዘንድ የሚደርስበት መንገድ አልነበረውም። ወለሉ ሥር ከወደቁት ነገሮች መካከል ሁለት የመዳብ ሳንቲሞችና አንድ የመንጠቆ እርሳስ ነበሩ። ከአንደኛው ሳንቲም ሥር ነጭ ዱቄት ተከምሮ፣ ዱቄቱ በእንጨት ስንጥር ሲጠረግ የጥፍር ስፋት ያለው ጉድጓድ ታየ፤ የአሉሚኒየሙን ውፍረት ግማሽ ያህል በልቶታል። በኋለኛው ክፍል ደግሞ ከወለሉ ጋር ተያይዞ ቀፎው ላይ ያረፈ የእንጨት ቋሚ ሥር አሉሚኒየሙ በመርፌ የተወጋ ይመስል ነጠብጣብ ሆኖ ተገኘ።

ይህ መልእክት የክሩን አቅጣጫ ቀየረው። እስከዚያ ድረስ እንጨት ወይስ ላሜራ ሲባባሉ የነበሩት ሰዎች ስለ ቀፎው ማሰብ ጀመሩ፤ ቀድሞውንም መነሻው እርሱ መሆን ነበረበት። 19ኛው ምላሽ አሉሚኒየም ራሱን የሚጠብቀው በላዩ በሚፈጠረው ስስ የኦክሳይድ ልባስ መሆኑን፣ ልባሱ ሲጫር መልሶ የሚተካው አየር ሲያገኝ እንደሆነ፣ እርጥብ እንጨት ወይም ፎም ለረጅም ጊዜ ተጭኖት ሲቆይ ግን አየር ስለሚያጣ ያለ ምንም መዳብ እንኳ መበላት እንደሚጀምር አብራሩ። ስለዚህ ጠያቂው ያዩት ጉዳት የሁለት የተለያዩ ምክንያቶች ውጤት ነው፤ ከሳንቲሙ ሥር ያለው የብረቶች ጠብ፣ ከቋሚው ሥር ያለው የአየር እጦት። አዲሱ ወለልም ከምንም ይሠራ ከምን፣ ከቀፎው ጋር ተጣብቆ የሚቀመጥ ቦታ ሊኖረው አይገባም ብለው አሳሰቡ። የጽዳቱንም ነገር አልዘነጉም፤ ነጩ ዱቄት የሚፈገፈገው በስቴንለስ ብሩሽ ወይም በፕላስቲክ መፈግፈጊያ ነው፣ ተራ የብረት ብሩሽ ቅንጣቱን አሉሚኒየሙ ውስጥ ትቶ ሌላ ዝገት ይጀምራል።

20ኛው ምላሽ ወለሉ በተነሣበት ጊዜ ሪቬቶቹ መፈተሽ እንዳለባቸው ተናገሩ፤ ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አይመጣምና። ዘዴው ጀልባውን ውኃ ላይ ማውረድ ሳይሆን ውኃውን ጀልባው ውስጥ መጨመር ነው፤ ከውጭ በኩል የሚያንጠባጥበው ሪቬት ሁሉ በማርከር ይከበባል። ሆኖም በሁለት ካሬ ሜትር ወለል ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ውኃ ማለት 200 ኪሎ ግራም ማለት ስለሆነ፣ ቀፎው ከሥሩ በደንብ ካልተደገፈ ወይም ተጎታቹ ካልቻለው ፈተናው ራሱ ጉዳት ያደርሳል። የላላ ሪቬት በሁለት ሰው ይጠበቃል፤ አንዱ ከውጭ በኩል በጭንቅላቱ ላይ ከባድ ብረት ደግፎ ይይዛል፣ ሌላው ከውስጥ ጭራውን በመዶሻ ይመታል። ካልጠበቀ ይቀየራል፤ ከውኃ በታች ባለው ክፍል መሃሉ ክፍት የሆነ ሪቬት ውኃ ስለሚያስገባ፣ ከውስጥ መድረስ ካልተቻለ ጫፉ ድፍን የሆነው ዓይነት በማሸጊያ ተነክሮ ይገባል።

21ኛው አስተያየት ሰጪ ይህ ሁሉ ድካም ለምን፣ ሁሉንም ሪቬት ከውስጥ በሲሊኮን መለቅለቅ ይበቃል አሉ። 22ኛው ምላሽ ጠንከር ብሎ መለሰላቸው፦ ሲሊኮን እንዲህ ባለ ቦታ ተላቅቆ ከመነሣቱም በላይ የነካውን ቦታ ቀለምም ኢፖክሲም እንዳይዘው ስለሚያደርግ፣ ዛሬ የተለቀለቀው ነገ የሚጠግነውን ሰው ያስለቅሳል።

ስለ ማሰሪያ የተጻፈው 23ኛው ምላሽ ረጅም ነበር። ነሐስና መዳብ በምንም መልኩ መግባት እንደሌለባቸው፣ ስቴንለስ ብሎንም ቢሆን ከአሉሚኒየም ጋር ሲገናኝ የሚበላው አሉሚኒየሙ እንደሆነ፣ ነገር ግን ብሎኑ ትንሽ፣ አሉሚኒየሙ ሰፊ ስለሆነ ጉዳቱ ጨዋማ ባልሆነ ውኃ በዝግታ እንደሚሄድ አስረዱ። ጥንቃቄውም የብሎኑ ጥርስ ላይ ዱራላክ ወይም ቴፍ ጄል በሚባል ስም የሚሸጠውን መለያ ቅባት መቀባት ነው። የአሉሚኒየም ሪቬት ይህን ጭንቀት ያስቀራል፤ ሲገጠም የሚጎተተው እምብርቱ (የመሃል ዘንጉ) ተራ ብረት የሆነውን ግን መምረጥ አይገባም፣ እምብርቱ ውስጥ ቀርቶ ይዝጋልና። የሪቬት ጉድለቱ ወለሉን እንደገና ማንሣት ሲፈለግ አንድ በአንድ በትራፓኖ መበሳት ማስፈለጉ ነው፤ ስለዚህ አብዛኛው ወለል በሪቬት፣ ከማፍሰሻው በላይ ያለው ክፍል ግን በብሎን ተይዞ በቀላሉ የሚከፈት እንዲሆን መከሩ። 24ኛው ምላሽ በዚህ ላይ አንድ ገጠመኝ ጨመሩ፤ አንድ ወዳጃቸው አግዳሚውን ሲበሱ ፑንታው አልፎ ሄዶ ቀፎውን ቀድዶባቸዋል። ፑንታው ላይ በሚፈለገው ጥልቀት ፕላስተር መጠቅለል ወይም የእንጨት ቡሽ ማስገባት ይህን ያስቀራል።

ምንጣፍ ይነጠፍ ወይስ አይነጠፍ የሚለው በ25ኛው ምላሽ ተነሥቶ ብዙ ሳይቆይ አለቀ። ምንጣፍ ይመቻል፣ ድምፅ ይውጣል፤ ነገር ግን ውኃ ይዞ የሚያቆየው እርሱ ነው፤ አሸዋ የተቀላቀለበት የማያንሸራትት ቀለም ወይም ተነቃይ የጎማ ንጣፍ ይሻላል ተባለ፣ የተቃወመም አልነበረም። በ26ኛው ምላሽ ግን ሌላ ሰው ወለሉን ወደ መቀመጫዎቹ ከፍታ አንሥቶ ሙሉ መቆሚያ ስለማድረግ ጠየቁና፣ በ27ኛው በቁርጥ ተነገራቸው፦ በጠባብ ጀልባ ላይ የቆመ ሰው ክብደት በ30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ሲል ጀልባው ለመገልበጥ ይቀርባል፤ አምራቹ በጀልባው ላይ የለጠፈው የጭነት ልክም ለዚህ ዓይነቱ ለውጥ የተሰላ አይደለም። ያው ጸሐፊ ከወለሉ ሥር ነዳጅ ስለማስቀመጥም አስጠነቀቁ፤ የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወርዶ የሚከማቸው እዚያው ሥር ነው፣ አየር ካልተላለፈበትና በዚያው መንገድ የባትሪ ሽቦ ካለፈ አንድ ብልጭታ ይበቃል። ሽቦው በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ፣ ከፍ ብሎ በጎን በኩል ይለፍ አሉ።

በ28ኛው ምላሽ ጠያቂው ውሳኔያቸውን አሳወቁ። የታከመውን እንጨት ትተውታል። ለውጭ የሚሆን 12 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ መርጠው በ7ኛው ምላሽ መሠረት በኢፖክሲ ሊያሽጉት ነው፤ ጉድጓዱ በብየዳ ባለሙያ ይደፈናል፣ መተላለፊያ ቀዳዳዎቹ ተጠርገዋል፣ ፎሙም በ17ኛው ምላሽ እንደተነገረው በሰሌዳ ይተካል። የ4ኛውን ምላሽ ጸሐፊ በስም ሳያነሡ፣ የተቃወሟቸውንም ጭምር ሁሉንም አመሰገኑ። አሮጌውን ሰሌዳ ልኩ ሳይጠፋ አዲሱ ላይ አስቀምጠው ለመቁረጥ ማሰባቸውን ሲጨምሩ፣ 29ኛው ምላሽ አንድ ነገር አረማቸው፤ አሮጌው ሰሌዳ ርጥበት ያበጠው በመሆኑና ጫፉም ስለረገፈ ልኩ ሊያስት ስለሚችል መጀመሪያ ካርቶን ቆርጠው በጀልባው ውስጥ ቢለኩ እንደሚሻል፣ በዙሪያው ሁሉ ከቀፎው ጎን 5 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ቢተዉ ውኃው በቀላሉ ወደ ታች እንደሚያልፍና ሰሌዳው ቀፎውን እንደማይፈገፍገው ነገሯቸው። የኢፖክሲው ውፍረትም በልኩ ውስጥ መታሰብ አለበት።

30ኛው ምላሽ ስለ ተጎታች ጎማ ኩሽኔታ የሚጠይቅ ነበር፤ አወያዩ ለዚያ አዲስ ክር እንዲከፈት ጠይቀው ይህኛውን ዘጉት።